ባቄላው ሲታመም ሽሮው ይወደዳል

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሽሮ እህል ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋውን ሲሰማ መጀመሪያ የሚወቅሰው ነጋዴውን ነው፣ ቀጥሎ ነዳጁን፣ ቀጥሎ መንገዱን። ሁሉም ድርሻ አላቸው፣ አልክድም። ግን ማንም የማያነሳው አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱም ባቄላው ራሱ ማሳ ላይ እያለ ታሞ ነበር ወይ የሚለው ነው። ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ያለ ገበሬ ግን ይሄን ጥያቄ አሳምሮ ያውቀዋል፣ ቆርምድ ስትሉት ምን እንደምታወሩ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቆርምድ እኛ አገር ቅርብ ጊዜ የመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ አመታት ሰሜን ሸዋ ላይ ታየ፣ ከዛ ወሎ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ትግራይ እያለ የባቄላውን ደጋ አዳረሰው። ቅጠሉና አገዳው ላይ እባጭ ያወጣል፣ እባጩ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው ኋላ ቡናማ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ክፉኛ በያዘው ማሳ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሚታጨድ አይገኝም። የሚወደው ብርድና እርጥበት ነው፣ ውሃ የሚቋጥር መሬት ላይ ይብሳል፣ በታመመ ገለባና በአፈር ውስጥ ከርሞ በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ሲመታው እንደገና ይነሳል።

አሁን ጉዳቱ ባቄላው ላይ ቢያቆም እኮ አንድ ነገር ነበር። ባቄላ ስሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ መሬቱን የሚያለማ ሰብል ነው፣ የደጋ ገበሬ ገብስና ስንዴውን ከባቄላ ጋር እያፈራረቀ የሚዘራው ለዚህ ነው። ቆርምድን ፈርቶ ባቄላውን ሲተወው ግን ገብስ በገብስ ላይ፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ይዘራል፣ መሬቱ ይደክማል፣ ለማዳበሪያ የሚያወጣው ብር ይጨምራል፣ የገብስና የስንዴ በሽታዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚመቻቸው ነገር የለም፣ ምክንያቱም የሚበሉት ነገር አመት አመት እዛው ቦታ ይጠብቃቸዋል። አንዱ በሽታ ለሌላው በር ከፈተ ማለት ነው።

የሰብል በሽታ ዜና የማይሆነው ለምን መሰላችሁ። አንበጣ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ድርቅ ሲመጣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ካሜራ የሚይዘው ነገር አለ። በሽታ ግን ዝም ብሎ ነው የሚገባው፣ ማሳውን ከመንገድ ሆናችሁ ስታዩት አረንጓዴ ነው፣ ገብታችሁ ቅጠሉን ስትገልጡ ነው ጉዱን የምታዩት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ከአስር ኩንታል ሁለት ሶስት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ «ዘንድሮ እህሉ አልበረከተም» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ የማይታየው ኪሳራ አለም ላይ ሲደመር ነው የሚያስደነግጠው። የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በየአመቱ ከአለም ሰብል ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው በተባይና በበሽታ ይጠፋል ይላል፣ የተክል በሽታ ብቻውን የአለምን ኢኮኖሚ በአመት ወደ 220 ቢሊዮን ዶላር ያስከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ በየሰብሉ ለይቶ አስልቶታል፣ በበሽታና በተባይ ምክንያት ከስንዴ ወደ 21 በመቶ፣ ከሩዝ 30 በመቶ፣ ከበቆሎ 22 በመቶ፣ ከድንች 17 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ስንዴ ሩዝና በቆሎ ማለት እኮ የሰው ልጅ ከሚመገበው ሀይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚመጣባቸው ናቸው። እና ያው ጥናት እንደሚለው ኪሳራው የሚከፋው ምግብ በሚያጥርባቸውና ህዝብ ቶሎ በሚጨምርባቸው አካባቢዎች ነው።

እሺ ተክል እንዴት ይታመማል? እንደ እኛው ነው፣ ፈንገስ አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ ቫይረስ አለ፣ አፈር ውስጥ ያሉ በአይን የማይታዩ ትሎችም አሉ። ግን ጀርሙ ስለመጣ ብቻ ወረርሽኝ አይነሳም፣ ሶስት ነገር መገጣጠም አለበት፣ ጀርሙ፣ ለጀርሙ የሚሸነፍ የሰብል ዝርያ፣ እና የሚመቸው አየር። አንዱ ከጎደለ በሽታው ወይ አይነሳም ወይ ጠባሳ ጥሎ ያልፋል። አየሩን ማዘዝ አንችልም፣ ጀርሙን ደግሞ ነፋስ ያመጣዋል፣ እጃችን ላይ ያለው ዋናው ነገር ምን ዘራን የሚለው ነው። እኔ በዚህ ጽሁፍ አጥብቄ ማለት የምፈልገው ይሄንኑ ነው፣ በሽታ አገር የሚያስርበው አገሩ ሁሉ አንድ አይነት ዘር ሲዘራ ነው።

ይሄን ለመረዳት ከስንዴ ዋግ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዋግ ሶስት አይነት ነው፣ ቢጫ ዋግ፣ የቅጠል ዋግ እና የግንድ ዋግ። ሶስቱም ፈንገስ ናቸው። በታመመ ማሳ መሀል ብታልፉ ሱሪያችሁ ላይ ብናኝ ይቀራል፣ የግንድ ዋግ ከሆነ በርበሬ የተነሰነሰባችሁ ነው የሚመስለው። ያ ብናኝ የፈንገሱ ዘር ነው። አንዷ ብናኝ ጤነኛ ቅጠል ላይ አርፋ ለጥቂት ሰአት ጤዛ ካገኘች በቂዋ ነው፣ ትበቅላለች፣ ተክሉ በሚተነፍስባት ቀዳዳ ትገባለች፣ ስንዴው ለፍሬው ያዘጋጀውን ምግብ እየመጠጠች ታድጋለች፣ ከዛ በሁለት ሳምንት ገደማ ቆዳውን ቀዳ ወጥታ በሺዎች የሚቆጠር አዲስ ብናኝ ትለቃለች። በአንድ ክረምት ይሄ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። ቢጫው ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፣ የግንዱ ደግሞ ሞቅ ያለ፣ ስለዚህ ደጋም ሆነ ወይና ደጋ ያለ ስንዴ ከሁለቱም አያመልጥም።

እና ነፋስ ነው ተሸካሚው። ድንበር የለውም፣ ኬላ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ አንድ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተገኘ፣ በማግስቱ አመት ዩጂ99 የሚል ስም ወጣለት። ይሄ ዋግ ያስፈራበት ምክንያት አለም ላይ ለብዙ አመታት ስንዴን ሲጠብቅ የኖረን የመከላከያ ጂን ሰብሮ ማለፉ ነው፣ ያ ጂን ደግሞ አህጉር ሳይለይ በብዙ የስንዴ ዝርያዎች ውስጥ የገባ ነበር። ወደ ኬንያ ተሻገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያ ታየ፣ በ2006 ሱዳንና የመን፣ በ2007 ኢራን ደረሰ። በስንዴ ምርምር የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ኖርማን ቦርላግ ያኔ ዘጠና አመቱ አልፎ ነበር፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ተነስቶ አለም ተኝቷል ብሎ ማስጠንቀቂያ አሰማ፣ በዛ የተነሳ ዋግን የሚከታተል አለም አቀፍ ጥምረት ተቋቋመ።

እኛ አገር የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ኩብሳ የሚባል የስንዴ ዝርያ ነበር፣ ምርታማ፣ ገበሬው የወደደው፣ ሰፊ መሬት የሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዝናቡ በዛ፣ ቅዝቃዜው ረዘመ፣ ቢጫ ዋግ ተነሳ፣ ኩብሳ አልቻለውም፣ ጋለማ የሚባለውም አልቻለውም፣ በአገር ደረጃ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ተጎዳ። ከዛ ገበሬው ድጋሉ ወደሚባል ዝርያ ዞረ፣ ድጋሉ ቢጫ ዋግን ይችላል፣ ዩጂ99ንም ይችላል፣ ሁሉም ድጋሉ ዘራ። ሶስት አመት እንኳ በቅጡ አልሞላም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባሌና አርሲ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣ፣ ዩጂ99 ያልሆነ ሌላ፣ ድጋሉን ለይቶ የሚመታ። ፍሬ ሊቋጥር የደረሰ ማሳ ነው በሳምንታት ውስጥ የወደመው፣ አንዳንዱ ገበሬ ምንም አላነሳም። እዚህ ላይ ተመራማሪውን መውቀስ ቀላል ነው ግን ልክ አይደለም፣ ዝርያው ሲወጣ ለነበረው በሽታ ጥሩ ነበር። ችግሩ ፈንገሱ ቆሞ አይጠብቅም፣ እንዲህ በብዛት አንድ አይነት ምግብ ሲቀርብለት በሚሊዮን ብናኝ መሀል ያንን ዝርያ መብላት የምትችል አንዷ ከተገኘች ሰፊው እርሻ ሁሉ የሷ ሆነ ማለት ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1845 ድሀው ህዝብ የሚኖረው በድንች ነበር፣ ያውም በአብዛኛው በአንድ አይነት ድንች። ከአሜሪካ አህጉር የተሻገረ በሽታ መጣ፣ ቅጠሉን አጥቁሮ ድንቹን መሬት ውስጥ እንዳለ የሚያበሰብስ (ደባርቅና ዳባት ድንች የሚያለማ ሰው ይሄን በሽታ ያውቀዋል፣ ዛሬም ያው እሱ ነው)። ስምንት ሚሊዮን ገደማ ህዝብ ከነበራት አገር ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በዛ ሁሉ ረሀብ መሀል ግን ከአየርላንድ እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ በመርከብ ይጫን ነበር። በሽታው ድንቹን ነው የገደለው፣ ሰዉን የገደለው ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ ማጣቱና ገዢዎቹ ዝም ማለታቸው ነው። ይሄን የምለው ዛሬም እንደዛው ስለሆነ ነው፣ በሽታ ያለበት አገር ሁሉ አይራብም፣ የሚራበው ደሀው ነው።

አሜሪካም ሀብታም ሆና አላመለጠችም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የበቆሎ ዘር አምራቾች ለስራ ስለሚቀል ብለው አብዛኛውን ዲቃላ በቆሎ ከአንድ የእናት ዘር አራብተውት ስለነበር አንድ የቅጠል በሽታ መጥቶ ከአገሪቱ በቆሎ 15 በመቶ ገደማውን በላው። ሙዙም እንደዛው። በፊት አለም ገበያ ላይ የነበረው ግሮ ሚሼል የሚባለው ሙዝ በአፈር በሚተላለፍ ፈንገስ ስላለቀ ነው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በካቨንዲሽ የተተካው፣ አሁን ደግሞ ካቨንዲሽን የሚገድል አዲስ የዛው ፈንገስ ዘር ከእስያ ተነስቶ በ2019 ደቡብ አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ደርሷል። የስንዴ ብላስት የሚባለው በሽታም ለብዙ ጊዜ ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነበር የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባንግላዴሽ ታየ፣ በ2018 ዛምቢያ። ይሄን ያሻገረው ነፋስ አይመስልም፣ የሚጠረጠረው የሰው ንግድ ነው፣ እህልና ዘር ሳይመረመር ሲጓጓዝ።

በቆላችንም ያለው ሌላ ጉድ ነው። መተማ፣ ቋራ፣ አርማጭሆ ማሽላ የሚዘራ ሰው አቀንጭራ የምትባለውን አረም ያውቃታል። አበባዋ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ግን ከመሬት በታች ስሯን ከማሽላው ስር ጋር አጣብቃ ውሃውንም ምግቡንም ትወስድበታለች፣ ከመሬት ሳትወጣ ነው ጉዳቱን የጨረሰችው። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ትጥላለች፣ ዘሩ አስር አመትና ከዚያም በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ማሽላ ስሩ የሚለቀውን ኬሚካል ሲያሸት ብቻ ይነቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የዚህን ሚስጥር ተከትለው ነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የአለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁና ድርቅን በሚቋቋም ማሽላ ስራቸው ነው። ያ ዘር ለእያንዳንዱ የቆላ ገበሬ በጊዜውና በዋጋው ቢደርስ ብዬ ሁሌ አስባለሁ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል ልምጣ። የገብስ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመኖች ኢትዮጵያ መጥተው ከገበሬ ማሳ የገብስ ዘር ሰብስበው ነበር። ከዛ ውስጥ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የሚያወጣውን የገብስ በሽታ ጨርሶ የማይቀበል ተገኘ። ያንን ጠባይ ወደ አውሮፓ ገብስ አዳቀሉት፣ ከ1979 ጀምሮ ገበያ ገባ፣ ይኸው አርባ ምናምን አመት ሆነው በሽታው እስካሁን ሊሰብረው አልቻለም፣ በተክል በሽታ አለም እንዲህ የቆየ መከላከያ ብርቅ ነው። ካሊፎርኒያም ክሽክሽ የምታስተላልፈውን ገብስ የሚያቀጭጭ ቫይረስ የተገላገለችው ከኢትዮጵያ ገብስ በተወሰደ ጂን ነው። ያንን ዘር ማን አቆየው? ስማቸው የትም ያልተጻፈ የደጋ ገበሬዎች ናቸው፣ ከእናት ከአባታቸው የወረሱትን ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ለጠላ የሚሆነውን፣ ለቆሎ የሚሆነውን እየለዩ ጎተራ ውስጥ ያስቀመጡ። አንድ ማሳ ውስጥ ብዙ አይነት ገብስ ተቀላቅሎ ሲበቅል፣ ወይ ስንዴና ገብስ አብሮ ሲዘራ ያየ ባለሙያ ድሮ ኋላ ቀርነት ነው ይል ነበር። ግን አንዱን የሚመታ በሽታ ሌላውን ላይመታ ይችላል፣ ብናኟ ከታመመው ተነስታ ጎረቤቱ ላይ ብታርፍም አትበቅልም፣ ወረርሽኙ ይዘገያል፣ ገበሬው ባዶ እጁን አይቀርም። ይሄ የታወቀ ሳይንስ ነው ዛሬ።

ይሄን ስል ግን ምርጥ ዘር ይቅር ማለቴ አይደለም፣ በጭራሽ። ህዝባችን በዝቷል መሬቱ አልሰፋም፣ ያለ ምርታማ ዘር አይሆንም። የምለው ምርጥ ዘሩም አንድ ብቻ አይሁን፣ ቢያንስ ሶስት አራት የተለያየ መከላከያ ያለው ዝርያ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይኑር፣ የአገሩ ዘር ደግሞ በአዲስ አበባው የጂን ባንክ (ዘር በማቀዝቀዣ የሚቆይበት ቦታ) ብቻ ሳይሆን ማሳ ላይም ይቆይ፣ ምክንያቱም ማሳ ላይ ያለ ዘር ከበሽታው ጋር አብሮ ይለወጣል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ግን እንደተቀመጠ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። በበጋ መስኖ ስንዴ መልማቱ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ዋግ በህይወት ያለ ተክል ላይ ነው የሚኖረው፣ ድሮ ክረምቱ አልፎ አዝመራው ሲታጨድ መኖሪያው ይቀንስበት ነበር፣ አሁን ግን በበጋም አረንጓዴ ስንዴ ካለ ሳይሞት ወደሚቀጥለው ክረምት ይሻገራል። ስለዚህ የበጋው ስንዴ ከክረምቱ ባልተናነሰ መታየት አለበት፣ እንዲያውም በበለጠ።

ደግነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ስራ አለ፣ የግብርና ምርምር ተቋማችን ከእንግሊዝ አገር የአየር ትንበያ መስሪያ ቤት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ሲሚት ከሚባለው የስንዴና በቆሎ ምርምር ማእከል ጋር ሆኖ ብናኙ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ በቀናት ቀድሞ ይተነብያል። ግን ትንበያው የሚጀምረው ማሳ ላይ ከሚገኝ መረጃ ነው፣ ያየ ሰው ካልተናገረ ኮምፒውተሩ ምንም አያውቅም። መድሀኒቱም ቢሆን ጊዜ አለው፣ ቲልትን የመሰለ ፀረ ፈንገስ በሽታው ጥቂት ቅጠል ላይ እንደታየ ከተረጨ ያድናል፣ ላይኛው ቅጠል ከደረቀ በኋላ ግን ብር ማፍሰስ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ መድሀኒት በሳምንት ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ተረዱት። ደግሞ ፀረ ፈንገስ ቫይረስም ባክቴሪያም አይገድልም፣ ቲማቲም ላይ ሽንኩርት ላይ ያገኘውን ሁሉ ቀላቅሎ የሚረጭ ብዙ ሰው አለ፣ ይሄ ገንዘብም ጤናም ነው የሚጨርሰው።

ቤተሰብ ገጠር ያላችሁ እባካችሁ ይሄን ንገሩልኝ። ማሳ ላይ እንግዳ ነገር ሲታይ በስልክ ሶስት ፎቶ ይነሳ፣ አንዱ ማሳው ከሩቅ፣ አንዱ የታመመው ተክል ሙሉው፣ አንዱ ቅጠሉ ከላይም ከስርም በቅርበት። ከፎቶው ጋር የቀበሌው ስም፣ የዝርያው ስም፣ መቼ እንደተዘራና አምና እዛ መሬት ላይ ምን እንደነበረ ይጻፍ። ለቀበሌው የልማት ሰራተኛ ይሰጥ፣ እሱ ካልተገኘ ወደ ጎንደር ግብርና ምርምር ማእከል ይወሰድ። ቅጠል ይዞ መሄድ ካስፈለገ ወረቀት ውስጥ ይሁን እንጂ ፌስታል ውስጥ አይሁን፣ ፌስታል ያሻግተዋል፣ ከሻገተ ደግሞ በሽታው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም።